ከጤና አዳሙ ሥር ያለው ጎማ

መኪና አራት ጎማ አለው የሚል ሰው ጎማ ፈንድቶበት አያውቅም። ያለው አምስት ነው። አራቱ ይሮጣሉ፤ አምስተኛው ከመኪናው ሆድ ውስጥ ተጋድሞ የባለቤቱን ክፉ ቀን ይጠብቃል። እኔ ይህን ሂሳብ የተማርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ ከራስ እስከ እግሬ ነጭ ለብሼ፣ ሃይዌይ ዳር ተንበርክኬ፣ አንድ ቄስና አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ከኋላዬ ቆመው እያዩኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓት የማየት በሽታ ይዞኛል። ይህን ስጽፍላችሁ እንኳ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ናሆም ነርስ ነው። አባቱ በሕይወት ስለሌለ የአባትነቱን ወንበር የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ወንበሩ አንዳንዴ ይሰፋኛል። ናሆም ሳራ የምትባል ልጅ ከወደደ ሦስት ዓመት ሆነው። እሷም ወዳዋለች። እናቷም ወደውታል። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አቶ ሙላቱ ይባላሉ፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኩን ራፒድስ የምትባል ከተማ ነው የሚኖሩት። የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አውቶቡሳቸው ፌርማታ ላይ ቀድሞ ከደረሰ ደቂቃው እስኪሞላ ይቆማል፤ ደቂቃው ከሞላ ግን ተሳፋሪው የገዛ ወንድማቸው ቢሆንም አይጠብቁም። «ቢሆንም» ያልኩት በምሳሌ አይደለም፤ ሆኖ ያውቃል። ወንድምየው ራሱ ነው የነገረኝ። በጥር ብርድ እጁን እያውለበለበ ሲሮጥ፣ አቶ ሙላቱ በመስታወት አዩትና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገውለት ሄዱ አለ። ሰላምታ መሆኑ ነው።

ለሽምግልና መጀመሪያ የሄድን ዕለት እንደ ወጉ «ዘመድ እንጠይቅ» ብለው መለሱን። ደጅ ሲሸኙን ግን ከወጉ ውጭ አንድ ነገር ጨመሩ።

«እሑድ ተመለሱ። ዘጠኝ ሰዓት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ ሥራ እወጣለሁ። ሰኞ ጠዋት አገር ቤት እሄዳለሁ፤ የምመለሰው ከአራት ወር በኋላ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ የሚባል ነገር እኔ ቤት የለም።»

ማለትም፣ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ሠላሳ ደቂቃ አለች፤ በእሷ ውስጥ ልጅቷን ጠይቀን ካልወሰድን ጉዳያችን በአራት ወር ይንከባለላል። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ «ቀጠሮ ያላከበረ ዘመድ ያለው ልጅ» ተብሎ እንደ አዲስ ይታያል። ናሆም ቅዳሜ ማታ ደውሎ «ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ዶንት ቢ ሌት» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎማውን አይተኸዋል?» አለኝ።

ጎማውን! ይኸውላችሁ ወደ ጎማው መጣን።

መኪናዬ ላይ፣ ከመሪው ኋላ፣ አንድ ቢጫ መብራት ከበራች አሥራ አንድ ወሯ ነበር። ሥዕሏ ድስት ይመስላል፤ ድስቱ መካከል ቃለ አጋኖ አለ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን መኪናው «ወጡ ደርሷል» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ናሆም ነው የጎማ አየር መቀነሱን የምትናገር መብራት መሆኗን የነገረኝ። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየና፦

«ጋሼ፣ አየሩ ሎው ነው። ደግሞ ኦል ፎር ቦልድ ናቸው።»

«ምን ናቸው?»

«ራሰ በራ።»

«ታዲያ ራሰ በራ መሆን ነውር ነው?» ብዬ የራሴን አናት ዳበስኩለት። ሳቀ። የሚያስቅ ሰው ጎማ አይቀይርም፤ ጊዜውን የሚያጠፋው በማሳቅ ነው። ለገና ደግሞ በረጅም ሳጥን አንድ ብርማ እስክሪብቶ ሰጠኝ። መሃሉ ላይ ትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎበታል፤ ያለ መነጽር ስለማይታየኝ የዋጋ ወረቀት ነው ብዬ ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን ስሜን ልጽፍበት ብሞክር አልጽፍ አለኝ። የማይጽፍ እስክሪብቶ ሰጠኸኝ ብዬ ልጁን ማሳፈር አልፈለግሁም። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። ጨዋ ሰው ነኝ።

ቢጫዋን መብራት ግን ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። ሰው መኪናዬ ውስጥ በገባ ቁጥር «ይህቺ ምንድን ናት?» ይለኛል። አንድ ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን ትንሽ ሥዕል ላይዋ ላይ ለጠፍኩ። አቤት ሰላም! ይህን ኃጢአት የምነግራችሁ ንስሐ ስለገባሁበት ነው፤ ንስሐ የገባሁትም እዚያው ሃይዌይ ላይ ነው። እደርስበታለሁ።

አሁን ደግሞ አምስተኛው ጎማ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ አራት ሆነን ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ በግ ልንገዛ ሄድን። እዚያው ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ በበረዶ ሳጥን ተደርጎ ይመጣል። አራት በግ ከነሳጥኑ ኋላ አልገባ ሲለኝ ወለሉን አንስቼ ስፔር ጎማውን አወጣሁ። ኢገን ካለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ አኖርኩት፤ «ለአንድ ቀን ነው» ብዬ። ትንሽዬ ጎማ ናት፤ ብታዩዋት መኪናዬ የወለዳት ትመስላለች። በሳምንቱ ብመለከት ባለቤቴ ሰናይት የጤና አዳም ማሰሮዋን አናቷ ላይ አስቀምጣባታለች። «ቁመቷ ልክ ነው፤ ፀሐይ ያገኘዋል» አለችኝ። ጤና አዳሙ አማረበት። የጎረቤት ሰው ሁሉ እየመጣ ቀጠፈው። የእኔም መኪና ለአንድ ዓመት ሙሉ ያለ ትርፍ ጎማ በእግዚአብሔር ቸርነት ሄደች።

እሑድ ዕለት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። ቀድሜ! ሰናይት በመስኮት አይታ «አሞሃል?» አለችኝ። ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ሄጄ ሁለቱን ሽማግሌዎች አነሳሁ። አንደኛው ቀሲስ ታደለ ናቸው፤ ንግግራቸው ረጅም፣ ቡራኬያቸው ከንግግራቸው የሚረዝም። ሁለተኛው ኦቦ ለታ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በከባድ መኪና ያረሱ፣ አሁን ወገባቸው እምቢ ብሏቸው ቤት የተቀመጡ። ሦስታችንም ነጭ በነጭ ነን፤ ጋቢያችን ተጣጥፎ ትከሻችን ላይ አለ። ከእኛ የሚጎድለው ክንፍ ብቻ ነበር።

ቀሲስ ከፊት ተቀመጡ። ሃይዌይ እንደገባን ወደ መሪዬ ጎንበስ ብለው አፈጠጡ።

«ልጄ፣ ይህ ሥዕል እንዴት ያለ ነው? ከኋላው ብርሃን ይወጣዋል እኮ።»

«አዎን አባ» አልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል።

«ከፈረሱ ሆድ ሥር ነው የሚፈልቀው። ወርቅማ ነው። ኦቦ ለታ፣ ይዩልኝ እስቲ!»

ኦቦ ለታ ከኋላ አንገታቸውን አሰገጉ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ቀበቷቸውን አጠበቁ። የሾፌር ቀበቶ ማጥበቅ እንደዚያ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም።

እዚህ አገር ክረምት ሲወጣ መንገዱ የበላውን በረዶ ሁሉ ያስመልሳል፤ በየቦታው ጉድጓድ ነው። እኔ ሰዓት እያየሁ ነበር፤ ልክ ስምንት ሰዓት። «አርባ ደቂቃ ቀድመን እንደርሳለን» ልል አፌን ስከፍት ቀኝ የፊት ጎማዬ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ዷ! አለ። ቀጥሎ ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ፣ ጥፍ። ሥዕሉ ከድንጋጤው ተላቆ ቀሲስ ጭን ላይ ወደቀ። ቢጫዋ መብራት ከወራት እስር ተፈትታ ፊታቸው ላይ ቦግ አለች።

መንገድ ዳር አቆምኩ። ቀሲስ ሥዕሉን በአንድ እጃቸው፣ መስቀላቸውን በሌላው ይዘው አዩኝ።

«ቅዱስ ጊዮርጊስን ለዚህ ነው የለጠፍከው?»

«ይፍቱኝ አባ።»

«እፈታሃለሁ። መጀመሪያ ግን ጎማውን ፍታ።»

ወርደን አየነው። ጎማው ጎኑ ተተርትሮ ቸርኬው መሬት ነክቷል። ኦቦ ለታ በእግራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፣ የሞተ ውሻ እንደሚነካ።

«ይህ ጎማ ዛሬ አይደለም የሞተው» አሉ። «ሳይቀበር ቆይቶ ነው እንጂ። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን አምጣ።»

ኋላውን ከፈትኩ። የበረዶ መጥረጊያ አለ፣ ግማሽ ከረጢት ጨው አለ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አለ። ወለሉን አነሳሁ። ክሪኩ አለ፤ የብሎን መፍቻው አለ። ጎማው በሚቀመጥበት ክብ ጉድጓድ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የፈለግሁት የግራ እጅ ጓንቴ ብቻውን ተኝቷል። ጓንቱን ባገኝ ደስ አለኝ፤ ለሁለት ሰከንድ።

«የታለ?» አሉ ኦቦ ለታ።

«በረንዳ ላይ።»

«የማን በረንዳ?»

«የእኔ። ጤና አዳም ተሸክሟል።»

«ኧረ ዋቃዮ!» አሉና ፊታቸውን ወደሚሮጠው መኪና አዞሩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሙያ ክብር ሲሉ ሊያዩኝ አልፈለጉም።

በስልክ ታክሲ እንጥራ አልኩ። ቀሲስ እጃቸውን አነሱ። «የሰው ልጅ ልንጠይቅ በኪራይ መኪና? ደጃፉ ላይ ሒሳብ ስንከፍል ያየናል።» ወደ ቤት ተመልሰን ሌላ መኪና እንያዝ አልኩ። ኦቦ ለታ ተቆጡ። «ለሽምግልና የወጣ ወደ ኋላ አይመለስም። መንገዱን ያበላሸዋል።» እኔ እንደሚመስለኝ መንገዱ ከዚያ በላይ የሚበላሽበት ቦታ አልነበረውም፤ ግን ሁለት ለአንድ ነው። ሰናይትን ደወልኩላት።

«ሰኒዬ፣ ያቺን ጎማ ይዘሽልኝ ነዪ።»

በስልኩ ውስጥ ማሰሮ ሲነሳ ሰማሁ።

«አፈሩ ይፈስብኛል» አለች። «እሺ። መጣሁ።»

እሷ እስክትመጣ ጊዜ እንቆጥብ ብዬ የፈነዳውን ጎማ ልፈታ ቆረጥኩ። ጋቢዬን ለቀሲስ አስያዝኩ፣ ክሪኩን ደግኜ መኪናዋን ወደ ላይ አነሳሁ። ከዚያ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አድርጌ ስገፋ፣ ብሎኑ በመፈታት ፈንታ ጎማው አብሮ ዞረ። እንደገና ገፋሁ፤ እንደገና ዞረ። የሎተሪ ማዞሪያ ሆነ።

«መጀመሪያ መሬት ላይ እያለ ታላላዋለህ፣ ከዚያ ታነሳዋለህ» አሉ ኦቦ ለታ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ክሪክ ስትይዝ የምታውቅ መስለኸኝ።»

አወረድኩት። ብሎኖቹ ደግሞ የስንት ክረምት የመንገድ ጨው በልቷቸው ዝገዋል። መፍቻው ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩ። አልተንቀሳቀሰም። ዘለልኩ። ነጭ ሱሪዬ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል፣ መኪናዎች ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፉልኛል፤ አንዷ ሴትዮ በመስኮት ስልኳን አውጥታ ቀረጸችኝ። የሆነ ባህላዊ ጭፈራ መስሏት መሆን አለበት። ቀሲስ በበኩላቸው በዘለልኩ ቁጥር «በስመ አብ» ይላሉ፤ ከሩቅ ላየን ዘፋኝና ተቀባይ ነን።

አምስተኛው ብሎን ላይ ስልኬ ጮኸ። ናሆም ነው። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት።

አሁን እዚህ ላይ ፍረዱኝ። «ጎማ ፈነዳ» ብለው፣ አሥራ አንድ ወር የመከረኝ ልጅ ምን ይለኛል? ምንም አይለኝም፤ ዝም ነው የሚለው፤ ዝምታው ነው የሚገድለኝ።

«ጋሼ፣ ዌር አር ዩ ጋይስ?»

«ቆመናል» አልኩት። ቃሌ እውነት ነበረች። ሦስታችንም ቆመን ነበር።

«ኦ ማይ ጋድ። ደርሳችኋል? ኦልሬዲ? አላስቀመጧችሁም?»

ሽማግሌ መልስ እስኪያገኝ እንደማይቀመጥ ያውቃል፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። «ይኸው እንግዲህ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ቀሲስ ጋቢዬን እንደታቀፉ በሐዘን ተመለከቱኝ።

«አሁንስ ሦስት ሆነ» አሉ። «ሥዕሉ፣ ጎማው፣ ይህ።»

ሰናይት ስምንት ተኩል ላይ መጣች። ሰባት ሰው በምትይዘው ሰፊ መኪናዋ ከኋላችን ቆመች፣ ወረደች፣ ያቺን ትንሽ ጎማ እንደ ሕፃን አቅፋ አመጣችልኝ። ጎማዋ ላይ የማሰሮው ክብ ምልክት አለ፤ ቸርኬው ውስጥ አፈር አለ፤ ከአፈሩ ውስጥ አንዲት የጤና አዳም ቡቃያ ቀና ብላ ታየናለች። ቡቃያዋን በጥንቃቄ ነቅላ መሀረቧ ውስጥ ቋጠረቻት። ከዚያ እኛን ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አየችን። የእኔ ልብስ ላይ ከነጭነቱ የቀረው ትዝታው ነበር።

«ሌላ የምትፈልጉት ነገር አለ?» አለች።

«የለም የለም! ሂጂ፣ አትዘግዪ» አልኩ።

«እርግጠኛ ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ፣ ምንም አልጎደለብንም» አሉ ቀሲስ።

ኦቦ ለታም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እሷ አንድ አፍታ ቆመች። አንገቷን ወዘወዘች። መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ቀስ ብላ አለፈችን፣ ጥሩምባ ነፋች፣ ሄደች።

እጃችንን እያውለበለብን ሸኘናት። መኪናዋ ከዓይናችን ስትሰወር የሦስታችንም እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ የተናገሩት ኦቦ ለታ ናቸው፤ በጣም ቀስ ብለው።

«ወንድሜ፣ የመጣችው… በመኪና ነበር አይደል?»

ቀሲስ ወደ ሰማይ አዩ። እኔ ደወልኩላት፤ ስልኳ አይነሳም። እየነዳች ስልክ አታነሳም፤ እንዲህ ያለች ሕግ አክባሪ ሴት ናት ያገባሁት።

ጎማዋን ገጠምኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ክሪኩን አወረድኩ። መኪናዋ ወረደች፣ ወረደች፣ አልቆመችም። ያቺ ትንሽ ጎማ መኪናዋን ስትሸከም እንደ ቂጣ ተነጠፈች። ለካስ ትርፍ ጎማም ይተነፍሳል! ለዓመት ያህል አየሯን ቀስ በቀስ ለጤና አዳሙ ስትሰጥ ኖራለች። ተክሉ ያማረበት ምክንያት ገባኝ።

«ስፔር ጎማ በየጊዜው ይነፋል» አሉ ኦቦ ለታ። «አራቱን ስታይ አምስተኛውንም ታያለህ።»

«እኔ አራቱንም አላይም።»

«እሱንማ አየን።»

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀልዱ አለቀብኝ። ሦስት ዓመት የጠበቀውን ልጅ አሰብኩት፤ እህቴን አሰብኳት፤ «አደራ» ያለችኝን አሰብኩ። ለሰው አደራ ሲባል አራት ጎማ ማየት ያቅታል?

ቀሲስ አጠገቤ መጥተው ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «ተነሥ» አሉኝ። «ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም።»

ተነሣሁ። ስነሣም መብራቷ የምትሽከረከር የመንገድ ረዳት መኪና ከኋላችን ስትቆም አየሁ። አንድ ቀይ ጢም ያለው ወጣት ወርዶ አየንና ኮፍያውን አወለቀ። ሦስት ነጭ የለበሱ፣ አንዱ መስቀል የያዙ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት ነው።

«ሰርግ ነው ወይስ ቀብር?» አለኝ በትሕትና።

«ገና አልታወቀም» አልኩት። «በአንተ አየር ይወሰናል።»

አየር መንፊያውን አወጣ። ያቺ ጎማ እንደ ተቆጣች ድመት ተነፋች። ወጣቱ ጣቱን አነሣ፦ በሰዓት ከሃምሳ ማይል በላይ አትነዱ፣ ሩቅ አትሂዱ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ትክክለኛ ጎማ አስገጥሙ። ቀሲስ ባረኩት። ቡራኬያቸው ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ልጁ ኮፍያውን እንዳወለቀ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ እኔ ከአንድ እግር ወደ አንድ እግር እየተቀያየርኩ ሰዓት አያለሁ፤ ኦቦ ለታ በየመሃሉ «አሜን፣ በቃ፣ አሜን፣ በቃ» ይላሉ።

ከሃይዌይ ወርደን በመንደር መንደሩ ነዳን። ብስክሌት የሚነዳ ሽማግሌ አለፈን። በየቀይ መብራቱ ፊት ለፊት ያለችውን ሰዓት አያታለሁ፤ ዘጠኝ ከአሥር፣ ዘጠኝ ከአሥራ አምስት። በዚህ ላይ ናሆም ይደውላል። ከሳራ ጋር ቴክስት ሲለዋወጥ «በር ላይ ማንም የለም» ብላዋለች፤ «ቆመዋል እኮ» ብሏታል፤ ለአባቷ ነግራለች፤ አቶ ሙላቱ ወጥተው ግራና ቀኝ አይተዋል፣ ጓሮም ሄደው አይተዋል።

«ጋሼ፣ የት ነው የቆማችሁት?» አለ ልጁ።

ስልኩን ቀሲስ ተቀበሉኝ። «ልጄ ናሆም፣ ጎማ ፈንድቶብን ነው። አጎትህ አፍሮ ነው። እየመጣን ነው፤ ጸልይ» አሉና ዘጉ። እንዴት ያለች አጭር ንግግር ናት! ይችላሉ ማለት ነው።

ኩን ራፒድስ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አራት ነበር። አቶ ሙላቱ የአውቶቡስ ሾፌር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ በር ላይ ቆመዋል። ሳራ ከኋላቸው መስኮት ላይ ናት፤ ጥፍሯን ትበላለች።

«ስምንት ተኩል ላይ ቆማችኋል ተባልኩ» አሉ። «የት ነበር የቆማችሁት?»

ቀሲስ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። «ሃይዌይ ላይ ልጄ። ቆመን ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክር ነው፣ የመንገድ ረዳቱም ምስክር ነው።»

የአቶ ሙላቱ ዓይን ያቺ ትንሽ ጎማ ላይ አርፏል። ቦርሳቸውን አስቀመጡ። መኪናዬን ቀስ ብለው ዞሯት፣ ሐኪም በሽተኛ እንደሚዞር። ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አወጡና ጎንበስ ብለው የግራውን ጎማ ጥርስ ውስጥ አቆሙት። ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው ሰው ራስ ከነፀጉሩ ወጥቶ ታየ፤ የጎማው ጥርስ አልቋል ማለት ነው። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ፣ ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ።

«በዚህ ነው ቄስ ጭነው የመጡት?» አሉኝ።

«አዎን» አልኩ።

«የአየር መለኪያ አለዎት?»

የለኝም ለማለት አፍሬ ከኋላ ወንበር የጣልኩትን ካፖርት አንስቼ ዳበስኩ። ከካፖርቴ ኪስ መነጽር ወጣ፣ ሶፍት ወጣ፣ ያ የማይጽፍ ብርማ እስክሪብቶ ወጣ። አቶ ሙላቱ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ጎማው ላይ ባለችው የአየር ማስገቢያ ጫን አደረጉት፤ ከቂጡ በኩል ቁጥር የተጻፈባት ነጭ ዘንግ ጥር ብላ ወጣች። ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ።

«ይህንን ከየት አመጡት?» አሉኝ።

«ናሆም ነው፤ ለገና የሰጠኝ። እስክሪብቶ… መስሎኝ ነበር።»

ኦቦ ለታ ታፍነው ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ሳሉን እንደያዘ ሰው። አቶ ሙላቱ ግን አልሳቁም። እስክሪብቶው ላይ የተጠቀለለችውን ወረቀት ፈቱ፣ ራቅ አድርገው ያዙ፣ ጮክ ብለው አነበቡ። እዚህ ያደገ ልጅ የጻፈው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ቆሟል።

«ጋሼ በወር አንድ ጊዜ ለካ። እኔ ሌላ አባት የለኝም።»

ጎማዬም እኔም በአንድ ጊዜ ተነፈስን። መንገዱ ዳር ያለውን የፖስታ ሳጥን ማየት ጀመርኩ፤ ዓይን ውስጥ ጉድፍ ሲገባ የሚታይ ነገር ጠፍቶ አያውቅም።

አቶ ሙላቱ ወረቀቷን እንደገና ጠቅልለው መለኪያውን ኪሴ ውስጥ መለሱልኝ። ሰዓታቸውን አዩ።

«ግቡ» አሉ። «ሁለት ደቂቃ አላችሁ።»

ገባን። ተሰልፈን ቆምን። ቀሲስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «የአብርሃምን ቤት የጎበኘ፣ የሣራን ማኅፀን…» ብለው ጀመሩ። ገና አብርሃም ድንኳን ሥር ሳይቀመጥ አቶ ሙላቱ እጃቸውን አነሱ።

«አባ ይፍቱኝ። ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን።

«ተነሡ፤ ልወጣ ነው።»

ተነሣን። የሳራ እናት እልል ሲሉ አቶ ሙላቱ በሩን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጁ ሰው የሚጠብቅ ልጅ ነው። አንድ ቃል ግን አስገባለሁ። ልጄ የምትሄድበትን የሙሽራ መኪና እርስዎ እንዳይነዱት።»

«እሺ» አልኩ።

«ከፊቷም እንዳይነዱ።»

«እሺ።»

«ከኋላዋም።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ወጡ። ሥራ ይጠብቃቸዋል።

ማታ ቤት ስገባ ሰናይት በረንዳ ላይ ናት። ቡቃያዋን በአዲስ ማሰሮ ተክላታለች፤ ትልቁ ጤና አዳም መሬት ተቀምጦ ፀሐይ አጥቶ ፊቱን አዙሯል።

«ሰጡ?» አለችኝ።

«ሰጡ። መሪውን ነው የከለከሉኝ።»

ሁሉን ነገርኳት። ስቃ ስቃ ሲደክማት የቆየብኝን ጥያቄ አመጣሁ።

«አንቺ ግን ሰኒዬ፣ እንደዚያ ስንጨነቅ እያየሽ፣ መኪናዬን ውሰዱ አትይንም?»

ውሃ ማጠጫዋን አስቀመጠች።

«ሁለቴ እኮ ነው ሌላ የምትፈልጉት አለ ያልኳችሁ» አለች። «ሦስት ሽማግሌ ለብሶ አጊጦ የወጣው ለመጠየቅ ነው። የሰው ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሰዎች አንዲት መኪና መጠየቅ ያቅታቸዋል ብዬ በምን ልገምት?»

ከዚያ ወደ መኪናው ወረደችና፣ ያቺን ትንሽ ጎማ በዓይኗ እየፈለገች፣ «ነገ አዲስ ጎማ አስገጥምና ይህቺን መልስልኝ» አለች። እምቢ አልኩ። በትዳራችን የመጀመሪያው እምቢታዬ ነው። ጤና አዳሙን ያቆምኩላት ወንበር ላይ ነው፤ ከአራቱ የምግብ ወንበሮቻችን አንዱ ላይ። ወንበሩ የእኔ ነው፤ እኔ ቆሜ እበላለሁ።